ክምሩን መሸፈን አለማመን ነውን?



በጋ ሲገባ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅቱን የአየር ትንበያ ያወጣል። ከዚያም በየአሥር ቀኑ አዳዲስ መግለጫዎችን ይሰጣል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን ከዜናው ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም እራት ቀርቦ ሰው ሁሉ እጁን ሲታጠብ። የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይጠናከራል፤ በደጋው አካባቢ ውርጭ ሊኖር ይችላል፤ በአንዳንድ ቦታዎች ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይጥላል ተብሎ ይጠበቃል፤ ስለዚህ አርሶ አደሮች የደረሰ ሰብላቸውን በወቅቱ ይሰብስቡ፤ በዚህ መልክ ይነገራል። እኛም ሰምተን እንደ ሰማን እንኳ ሳናስተውል እንጀራችንን እንቆርሳለን።

በዚህ ጽሑፍ አብረን እንድንመረምረው የምፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። ማስጠንቀቂያ የሰማ ሰው ከሰማባት ሰዓት ጀምሮ ምን ዕዳ አለበት? በተለይ ደግሞ እኛ ሰማይና ምድር በጌታ እጅ እንዳሉ የምናምን ሰዎች፣ በትንበያ ተነሥተን ክምራችንን ስንሸፍን በእምነታችን ላይ ጉድለት እየጨመርን ነው ወይስ እምነታችንን እየፈጸምን? ጥያቄው የከተማ ልጆች የክርክር ርእስ ብቻ አይደለም። በሲሬ ዙሪያ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ኑግና በርበሬ የሚያመርት ቤተሰብ ሁሉ በኅዳር ወር በተግባር የሚመልሰው ጥያቄ ነው። መልሱም በታኅሣሥ በጎተራው ውስጥ ይታያል።

አስቀድሞ ስለ ቃላት

የውጭ መጻሕፍትና ፊልሞች ሲተረጎሙ የእነርሱ የብርድ ወራት «ክረምት» ይባላል። ነገር ግን በሰሜኑ ዓለም በረዶ የሚጥልባቸው ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ለእኛ በጋ ናቸው። ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ፣ በወለጋም እንዲህ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፣ ይህን በስልክ ታውቁታላችሁ። እናንተ «ጤፍ እየወቃን ነው» ስትሉ እነርሱ «ከደጃችን በረዶ እየዛቅን ነው» ይላሉ። እኛ «በረዶ» የምንለው በአብዛኛው በክረምት ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ነው። እንደ ጥጥ የሚወርደውን ዓይነት በሀገራችን አልፎ አልፎ የሚያዩት ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሸን አካባቢና በመሰል ከፍተኛ ተራሮች ያሉ ሰዎች ናቸው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አመዳይ» የሚል ቃል ባይጠቀም ኖሮ ብዙዎቻችን ነገሩን የምንጠራበት ስም እንኳ አይኖረንም ነበር።

የእኛ የበጋ ብርድ ሌላ መልክ አለው። ሌሊት ሰማይ ጥርት ሲል ምድር ቀን ከፀሐይ የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቅቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዘው ነበር፤ በበጋ ግን ደመና የለም። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስም ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ ነው ከኮረብታው ይልቅ ከሥሩ ያለው ሜዳ በውርጭ የሚጎዳው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ በየዓመቱ በብርድ ስማቸው የሚነሣው ለዚህ ነው። እንደ ሻምቡ ያሉ የእኛ ደጋዎችም ብርዱን ያውቁታል። ለሲሬ ገበሬ ግን ከውርጩ ይልቅ የሚያስፈራው በመከር መካከል የሚመጣው ዝናብ ነው።

ይህም ዝናብ ያለ ምክንያት አይመጣም። የሰላማዊ ውቅያኖስና የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በእኛ ሰማይ ላይ ያለው የነፋስና የእርጥበት አካሄድ ይለወጣል። በ2012 ዓ.ም. በጋ መግቢያ ላይ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል፣ ማለትም ለአፍሪካ የሚቀርበው፣ ከምሥራቃዊው ይልቅ እጅግ ሞቆ ነበር። ልዩነቱ እስከዚያ ጊዜ ከተመዘገቡት ታላላቆቹ አንዱ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብና ጎርፍ ሆነ፤ በሀገራችንም ደረቅ መሆን በሚገባው ወቅት ዝናብ ጣለ። የታጨደ ጤፍ በነዶው ላይ እንዳለ ዝናብ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ይጠቁራል፣ ይበቅላል፣ ይረግፋል። እርጥብ በቆሎ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ደግሞ ይሻግታል። ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል። እንግዲህ የአንድ ሳምንት ዝናብ የአንድ ዓመት እንጀራ ሊወስድ ይችላል።

ለጸለይንበት ነገር ሸራ መግዛት

በአንድ የቅዳሜ ትምህርት ላይ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ ዝናቡ እንዲቆም ጸልየን ስናበቃ ሸራ ገዝተን ክምሩን ብንሸፍን ጸሎታችንን አላመንበትም ማለት አይደለም ወይ?» አንዳንዶች ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄው መልካም ነው አልኳቸው። ብዙዎቻችን አፍ አውጥተን ባንጠይቀውም በልባችን እንዲህ እናስባለን። «እግዚአብሔር ያውቃል» የምንለው አንዳንድ ጊዜ በእውነት ስለምናምን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መነሣት ስለከበደን ነው። ከአፍ ሲወጣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ መለየቱ ያስቸግራል።

መልሱን በሐዋርያት ሥራ 27 እንፈልግ። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም በመርከብ ይሄዳል። የመርከብ ጉዞ የሚያሰጋበት ወቅት ደርሷል። በቀርጤስ ደሴት በአንድ ወደብ ሳሉ ጳውሎስ ጉዞው በጭነቱና በመርከቡ ብቻ ሳይሆን በነፍሳቸውም ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ። ወደቡም የብርዱን ወራት ለመክረም አይመችም ነበርና ብዙዎቹ እንሂድ አሉ። ለስለስ ያለ የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ያሰቡትን ያገኙ መሰላቸው። ብዙም ሳይቆይ ዐውሎ ነፋሱ መጣ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ማስጠንቀቂያን ስለናቁ ሰዎች ነው። ለወጣቱ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በዐውሎው መካከል ጳውሎስ ከጌታ ቃል ተቀበለ፤ በመርከቡ ካሉት ከ276ቱ ሰዎች አንድ ነፍስ እንኳ አይጠፋም። ተስፋው እርግጠኛ ነው፣ «ምናልባት» የለበትም። ይሁን እንጂ መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ያው ጳውሎስ ለመቶ አለቃው፣ እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም አለው። ቀጥሎም ሁሉም እህል እንዲበሉ ለመናቸው፤ ለደኅንነታቸው ያስፈልግ ነበርና።

ልብ በሉ። እግዚአብሔር ሁሉም እንደሚድኑ ተናግሮ ሳለ መርከበኛ ማስቀረትና እንጀራ መብላት ለምን አስፈለገ? የተስፋው ቃል የሚፈጸመው በእነዚህ በኩል ስለነበረ ነው። ጳውሎስ የመርከበኞቹን ሙያ የእግዚአብሔር ተቃራኒ አድርጎ አላየውም፤ መጠቀሚያው አድርጎ አየው። እንደዚሁም የፈርዖንን ሕልም የፈታው ዮሴፍ ሰባቱ የረሃብ ዓመታት ከእግዚአብሔር ዘንድ የተቆረጡ መሆናቸውን ከተናገረ በኋላ ወደ ቤቱ አልገባም። ከጥጋቡ ዓመታት ምርት አምስተኛው እጅ እንዲከማች መከረ። ጌታችንም ደመና ከምዕራብ ሲወጣ ዝናብ ይመጣል የሚሉትን ሰዎች ሰማይን በማንበባቸው አልነቀፋቸውም። የነቀፋቸው ሰማዩን ማንበብ እየቻሉ ዘመኑን ባለማንበባቸው ነው።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ጸሎትህ ክምሩ እንዲተርፍ ከሆነ፣ ሸራው የጸሎትህ መልስ የሚመጣበት መንገድ ሊሆን እንደሚችል ለምን ተጠራጠርህ? ከሰማይ የሚመጣውን ብቻ የእግዚአብሔር ሥራ ብሎ ከሱቅ የሚገዛውን የሰው ሥራ ብቻ ማድረግ፣ ሳናውቀው እግዚአብሔርን ከሥራ ቀናችን ማስወጣት ነው።

ትንበያው ሲስት ውሸት ነውን?

«ባለፈው ይዘንባል ብለው አልዘነበም» የሚል ቃል በየገበያው ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ ትንበያ ይስታል። ግን መሳትና መዋሸት አንድ ናቸውን?

በዚህ ጥያቄ አስቀድመው ከተፈተኑት መካከል አንድ እንግሊዛዊ አለ፤ ሮበርት ፊትዝሮይ ይባላል። በወጣትነቱ ቻርልስ ዳርዊንን ያሳፈረችው የቢግል መርከብ አዛዥ ነበር። በ1859 እ.ኤ.አ. «ሮያል ቻርተር» የተባለች መርከብ በዌልስ ጠረፍ በዐውሎ ተመትታ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፊትዝሮይ በዚያ ጊዜ የመንግሥት የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። በየጠረፉ የሚለካውን በቴሌግራፍ ቢሰበስብ ዐውሎ ከመድረሱ በፊት ለወደቦች ማስጠንቀቅ እንደሚቻል አመነ። በ1861 ማስጠንቀቂያውን ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የዕለት ትንበያ በጋዜጣ አወጣ። የሠራውን ሥራ ትንቢት ብሎ መጥራትን እምቢ ብሎ ሌላ ቃል መረጠለት። ይህ የታሰበበት ግምት እንጂ ትንቢት አይደለም ማለቱ ነበር።

ትንበያው ሲስት ጋዜጦች አላገጡበት፤ ሳይንቲስቶችም ነቀፉት። በ1865 በብዙ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ሕይወቱ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ማስጠንቀቂያው በቂ የሳይንስ መሠረት የለውም ተብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ግን ይመለስልን ብለው የጠየቁት የባሕሩ ሰዎች ነበሩ፤ በ1867ም ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ትንበያው አንዳንድ ጊዜ እንደሚስት ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የሚስት ማስጠንቀቂያ ፈጽሞ ከማይነገር ማስጠንቀቂያ እንደሚሻል በሕይወታቸው ተምረዋል።

በሒሳብ እንየው። ትንበያው ከመደበኛ በላይ ዝናብ የመጣሉ ዕድል ከመቶ 60 ነው አለ እንበል። ይህ ማለት እንዲህ ባሉ 10 ዓመታት ውስጥ በአማካይ በ6ቱ ከመደበኛ በላይ ይዘንባል፣ በ4ቱ ግን እንዲህ አይሆንም ማለት ነው። እንዲህ ባልሆነባቸው በ4ቱ ዓመታት ተናጋሪው አልዋሸም፤ እንዲያውም አስቀድሞ ነግሮናል። የዋሸው እርግጠኛ ሳይሆን እርግጠኛ ነኝ የሚል ነው። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ግምቱን «ጌታ ተናገረኝ» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ከዚህ ትሑት መግለጫ ሊማር ይገባዋል። «ይችላል» እና «ይጠበቃል» የሚሉት ቃላት የፈሪ ቃላት አይደሉም። የሚያውቀውን ያህል ብቻ የሚናገር ሰው ቃላት ናቸው።

ይህን ስል ትንበያ በሰማን ቁጥር ያለ ማመዛዘን እንሩጥ ማለቴ አይደለም። ሳይደርስ የታጨደ እህል ራሱ ኪሳራ ነው። ሸራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ደግሞ ለልጅ ደብተር የታሰበው ሊሆን ይችላል። ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው፤ በሲሬ ቆላና በሲሬ ደጋ መካከል እንኳ ልዩነት አለ። ነፋሱን፣ ደመናውንና የጉንዳኑን አካሄድ አይተው የሚናገሩ አባቶች አሉን፤ የእነርሱንም ቃል አትናቁ። ማስጠንቀቂያ የሚጠይቀን ሁሉን አቁመን እንድንንቀጠቀጥ አይደለም፤ ሁለቱን ጉዳቶች በሚዛን እንድናስቀምጥ ነው። ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አድርጎ ጫፉን ማሾልና መሸፈን የሁለት ቀን ድካም ነው። ዝናቡ ባይመጣ የጠፋው ያ ድካም ነው። ሳንዘጋጅ ዝናቡ ቢመጣ ግን የሚጠፋው እስከሚቀጥለው መከር የሚበላው ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ስለሚያስጠነቅቀው ሰውም አንድ ነገር ልጨምር። ነቢዩ ዮናስ ነነዌ እንደምትጠፋ ተናገረ፤ ሕዝቡ ሰምቶ ተመለሰ፣ ከተማዋም ዳነች። ዮናስ ግን አዘነ። ቃሉ በሰው ፊት ባዶ መስሎ ስለታየ ከከተማዋ መትረፍ ይልቅ የራሱ ስም አሳሰበው። ማስጠንቀቂያ ሲሰማና ጉዳቱ ሲቀር «ታዲያ ምን ሆነ?» የሚል ሁልጊዜ ይኖራል። መልካም ጠባቂ ይህን መናቅ ይችላል። ሰዎቹ ከዳኑ እርሱ እንደ ተሳሳተ ቢቆጠር ግድ የለውም።

የሰማሁት ለእኔ ብቻ ነውን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስካሁን ስለ ራሳችን ክምር ተነጋገርን። ነገር ግን ማስጠንቀቂያን ስለ መስማት ቅዱስ መጽሐፍ የሚያስተምረን ከዚያ አልፎ ይሄዳል። በሐዋርያት ሥራ 11 አጋቦስ የሚባል ነቢይ በአንጾኪያ ተነሥቶ ታላቅ ረሃብ እንደሚመጣ ተናገረ። የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት ምን አደረጉ? የራሳችንን ጎተራ እንሙላ አላሉም። እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች እርዳታ ለመላክ ወሰኑ፤ በበርናባስና በሳውል እጅም ላኩት። ማስጠንቀቂያውን በሰሙ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁት «ከእኛ ይልቅ ማን ይጎዳል?» ብለው ይመስለኛል።

ይህ ጥያቄ ካልተጠየቀ እውቀት ብቻውን ሰውን አያድንም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ የሆነውን ተመልከቱ። ብርቱ ብርድና በረዶ እየመጣ መሆኑ ከቀናት በፊት ተነግሮ ነበር። ከዚያም አልፎ፣ ከአሥር ዓመት በፊት በ2011 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ብርድ መብራት አቋርጦ ስለነበር፣ የኃይል ማመንጫዎችና የጋዝ መሥመሮች ከብርድ እንዲጠበቁ በመንግሥት ጥናት ተመክሮ ነበር። ምክሩ ግን ግዴታ አልነበረምና ብዙው ሳይፈጸም ቀረ። ብርዱ በመጣ ጊዜ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት አጡ። የግዛቱ መንግሥት የቆጠራቸው ሟቾች 246 ናቸው። አንዳንዶቹ በቤታቸው ውስጥ በብርድ ሞቱ። ሌሎች ለመሞቅ ብለው መኪና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነሥተው ወይም ከሰል በቤት ውስጥ አንድደው ጭሱ ገደላቸው። ይህ የሆነው በዓለም ላይ ብዙ መሣሪያ፣ ብዙ ሳተላይትና ብዙ ገንዘብ ባለው ሀገር ነው። ማስጠንቀቂያው አልጎደለም፤ የጎደለው ሰምቶ የሚነሣ ነው።

እኛም ዘንድ ያው ነው። ትንበያው ሲነገር በሲሬ ከተማ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ይሰማል። ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ርቃ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ሕፃናት የሆኑባት እናት አትሰማም። ብትሰማም የሚያጭድላት ሰው የላትም። መግለጫው «አርሶ አደሮች ፈጥነው ይሰብስቡ» ሲል፣ ለእርሷ «ፈጥነሽ» ማለት ምን ማለት ነው? ጉልበት ያለው በሁለት ቀን የሚጨርሰው ለእርሷ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ስለዚህ ያ ቃል ሳይነገር በውስጡ ሌላ ቃል ይዟል፦ ጉልበት ያላችሁ እናንተ ወደ እርሷ ሂዱ። አባቶቻችን ይህን ያለ ሚቲዎሮሎጂ ያውቁታል። አማርኛው «ደቦ» ይለዋል፤ ኦሮምኛውም «ዳቦ» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ በሁለቱም ቋንቋ መኖሩ ከአንዱ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። የወጣቶች ኅብረት ካለን ደቦ አለን ማለት ነው፤ የጎደለው ጥሪው ብቻ ነው።

ስለ ብርዱም እንዲሁ ነው። ባለፉት ዓመታት በወለጋችን ብዙ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለው በሸራ ሥር፣ በትምህርት ቤት ክፍሎችና በዘመድ ቤት አድረዋል። እኛ «የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይጠናከራል» የሚለውን ስንሰማ ጋቢያችንን እንደርባለን። ሳር ላይ ለተኛ ሕፃን ግን ያ ዓረፍተ ነገር ስለ ሳንባው የሚናገር ነው። ጳውሎስ ራሱ በእስር ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት፣ ከብርዱ ወራት በፊትም እንዲደርስ ለመነው። ታላቁ ሐዋርያ በርኖስ ለመጠየቅ አላፈረም። ከመርከቡ አደጋ በኋላም በመላጥያ ደሴት ያገኟቸው፣ ወንጌልን ያልሰሙ ሰዎች፣ ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት አንድደው ሁሉንም ተቀበሉ። ማን እንደሆኑ፣ ከየት ወገን እንደሆኑ፣ እስረኛ ይሁኑ ወታደር አልጠየቁም። ብርዱ ለጥያቄ ጊዜ አይሰጥም ነበርና።

ፍርሃትና ዝግጅት የሚለዩበት

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ጠንካራ ስለሆነ ልለፈው አልችልም። ጌታ ለነገ እንዳንጨነቅ አዝዞናል። ሁልጊዜ ትንበያ የሚከታተል፣ ሁልጊዜ የሚያከማች ሰው በመጨረሻ ልቡ በጎተራው ውስጥ አይቀርምን? ጎተራዬን አፍርሼ የሚበልጥ እሠራለሁ ያለው ባለጠጋ ምሳሌ የተነገረው ለዚህ አይደለምን?

ነው። ዝግጅት ወደ ፍርሃት ሊለወጥ ይችላል። ዮሴፍም ያ ባለጠጋም ሁለቱም እህል አከማቹ። ከውጭ ለሚያይ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጎተራ ሠሩ። ታዲያ በምን ተለያዩ? እኔ የማገኘው ልዩነት ይህ ነው፦ ባለጠጋው ስለ እህሉ ሲናገር «ነፍሴ» ብሎ የሚያነጋግረው ራሱን ብቻ ነው፤ በንግግሩ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። የዮሴፍ ጎተራ ግን ለግብፅ ተከፈተ፤ ለባዕዳንም፣ በባርነት ለሸጡት ወንድሞቹም ጭምር ተከፈተ። ስለዚህ ራሳችሁን መመርመር ብትፈልጉ «ተዘጋጅቻለሁን?» ብቻ አትበሉ፤ «በዝግጅቴ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» በሉ። ፍርሃት ሲዘጋጅ በሩን ይዘጋል። ፍቅር ሲዘጋጅ የሌላውን በር ያንኳኳል። እምነት ይዘን ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ጫፎች ከመውደቅ ይጠብቀናል፤ ከስንፍናም፣ ከስስትም። ክምራችን ቢበሰብስ እንኳ ጌታ ጌታ ነው። ቢተርፍም የተረፈው ለእኛ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ጽሑፉ በወረቀት እንዳይቀር አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እያንዳንዱ የወጣቶች ኅብረት ሁለት ሰው ይምረጥ። እነዚህ ሁለቱ በየአሥር ቀኑ የሚወጣውን መግለጫ ይከታተሉ፤ በአማርኛ የሰሙትን በኦሮምኛም አድርገው፣ «ይችላል» የሚለውን «ይሆናል» ሳያደርጉ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለጉባኤው ያንብቡ። ሌሎቻችሁ ከጥቅምት ወር በፊት የስም ዝርዝር ያዙ፤ በየመንደሩ አጫጅ የሌላቸው እነማን ናቸው፣ ብርድ ልብስ የሌላቸው እነማን ናቸው፣ ስልክ የሌላቸውስ? በዝርዝሩ ውስጥ የእኛ አማኞች ብቻ እንዳይሆኑ ተጠንቀቁ፤ ዝናቡ በሁሉም ክምር ላይ ይዘንባልና። ማስጠንቀቂያ የመጣ ዕለት ማጭድና ገመድ ይዛችሁ ከዝርዝሩ መጀመሪያ ካለው ስም ጀምሩ።

ዝናቡ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ሰው «በከንቱ ደከማችሁ» ይላችሁ ይሆናል። በዚያች እናት አውድማ ላይ የዋላችሁት ቀን ከንቱ እንደነበረና እንዳልነበረ እርሷን ጠይቋት።